ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ቴስታታው ተሰንጥቋል» ሲል ቀጣዩ ጥያቄ ይታወቃል፤ ይበየድ ወይስ ይቀየር? መልሱም ብዙ ጊዜ እዚያው ቆመው ሳለ ይሰጣል። ጎበዝ በያጅ የሚያውቅ መካኒክ «ይበየድ» ይላል፤ የመለዋወጫ ነጋዴ ወዳጅ ያለው ደግሞ «ይቀየር» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ሁለቱም ስንጥቁን ገና አለመመርመራቸው ነው።

ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል ነው። ይህ መመሪያ ውሳኔውን የመኪናው ባለቤት ራስዎ እንዲወስኑት ነው። በምሳሌነት የምወስደው በዶልፊን ሚኒባስና በሃይሉክስ ላይ የምናውቀውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ማለትም 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉትን ነው፤ አካሄዱ ግን ለላዳም ለአይሱዙም ያገለግላል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚበላው ዕቃው ብቻ አይደለም። መክፈትና መግጠሙ፣ የእጅ ዋጋው፣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ)፣ ዘይቱ፣ መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን አለ። እነዚህ ቢበየድም ቢቀየርም አይቀሩም፤ ሥራው ከከሸፈ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይከፈላሉ። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ሲቀርብልዎ «የቱ ይረክሳል?» ከማለትዎ በፊት «የቱ ነው ይህን ሞተር ዳግም የማያስከፍተኝ?» ብለው ይጠይቁ።

ገና ሳይከፈት

ሞተሩ ሙቀት አብዝቶ ከቆመ፣ ወይም የሚፈስበት ቦታ ሳይታይ ውሃ የሚጨርስ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር መንዳት ማቆም ነው። ሌሊቱን በስንጥቁ በኩል ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ጠዋት ሞተሪኖው ሲያዞረው ፒስተኑ ውሃው ላይ ይቆምና ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል። የቴስታታ ወጪ ወደ ቢየላና ፒስተን የሚሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው። የራዲያተሩ ውሃ በአንድ ሌሊት ብዙ ቀንሶ ካደረ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ እንጂ «ጋራዥ ድረስ ብቻ» ተብሎ አይነሳ።

ውሃው ብዙ ካልጎደለ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ውሃውን እስከ አፉ ሞልተው ሞተሩን ያስነሱ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት የአየር አረፋ መውጣቱ ያለ ነው። አረፋው ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ከጨመረ ወይም ውሃውን ከገፋው፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው መስመር እየገባ ነው። ሌላው ምልክት የላይኛው የራዲያተር ጎማ ነው፤ ሞተሩ ከተነሳ ገና በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሳይሞቅ፣ ድርቅ ብሎ ከተወጠረ ግፊቱ ከእሳቱ ክፍል እንጂ ከሙቀት የመጣ አይደለም። ከማርሜታው የሚወጣ የማይቋረጥ ነጭ ጭስና ጠዋት ላይ ለጥቂት ጊዜ በሦስት ሲሊንደር መሥራትም ከዚሁ ይመደባሉ።

ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ይዩ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ጥቂት ነጭ ነገር ካዩ ግን አይደንግጡ፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ከእንፋሎት የሚጠራቀም ነው። የጭነት መኪና ባለቤት ከሆኑ ሌላም ተጠርጣሪ አለ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ሲበሳ ዘይትና ውሃ ይቀላቅላል፤ ቴስታታው ግን ደኅና ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። እስካሁን የዘረዘርኳቸው ምልክቶች በሙሉ ከተቃጠለ ጓርኒሲዮንም ይመጣሉ። ቴስታታው ወርዶ ሳይመረመር ስንጥቅ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ሞተሩ ሳይከፈት ቴስታታ እንዲገዙ የሚመክርዎትን አመስግነው ይለፉት።

ሲከፈት አጠገቡ ይሁኑ

ይህን ቀን ሥራ ቢቀር ይቅር ብለው ጋራዥ ይዋሉ። የሚያዩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቴስታታው ቡሎኖች የሚፈቱት ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የሚላሉትም ከዳርና ከዳር ተጀምሮ ወደ መሐል፣ ሁሉም በየተራ ትንሽ ትንሽ እየተባሉ ነው። ለብ ያለ የአሉሚኒየም ቴስታታ ከአንድ ጎን በኃይል ሲፈታ ይጣመማል፤ ያኔ በጋራዡ የተፈጠረው ጉዳት የስንጥቁ ነው ተብሎ ይቆጠርብዎታል።

ሁለተኛ፣ ምንም ነገር ሳይታጠብ ይመልከቱ። ጓርኒሲዮኑ በአንድ ቦታ ላይ ተቃጥሎ ጥቁር መንገድ ከሠራ ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ይችላል። የፒስተኖቹን አናትም ያወዳድሩ። ሦስቱ በጥላሸት ጠቁረው አንዱ ታጥቦ የጸዳ ከሆነ ውሃ ይገባ የነበረው እዚያ ነው። ስንጥቁን መፈለግ የሚጀመረውም ከዚያ ሲሊንደር በላይ ካለው የቴስታታ ክፍል ነው። በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከታጠበ በኋላ ማስረጃው አይመለስም።

አንዲት ትንሽ ማግኔትም ይያዙ። ከቴስታታው ጋር ከተጣበቀች ካስት አይረን ነው፤ ካልተጣበቀች አሉሚኒየም ነው። ጥገናው፣ ዋጋውና የመሳካት ዕድሉ በዚህ ስለሚለይ በወሬና በመልክ አይመኑ። በተለይ ከተለያየ ፋብሪካ የሚመጡ ምትክ ዕቃዎች ከቀድሞው በተለየ ብረት የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስንጥቁን መግለጥ

ዓይን ብቻውን ይሳሳታል። ስንጥቅ የመሰለው የጥላሸት መስመር ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ የመሰለውም ሲሞቅ የሚከፈት ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል።

ርካሹ ዘዴ በቤትዎ ያለ ነው። ቴስታታው በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የተጠረጠረውን ቦታ ነጭ ጋዝ ይቀቡትና ጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ላዩን በጨርቅ አድርቀው የጠመኔ ዱቄት ይንፉበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው እየወጣ እርጥብ መስመር ይስላል። ከዚህ የሚሻለው በሦስት ጣሳ የሚሸጠው ነው፤ አንዱ ማጽጃ፣ አንዱ ቀይ ቀለም፣ አንዱ ነጭ ርጭት። ቀዩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ይጠረጋል፣ ነጩ ይረጫል፤ ስንጥቁ በነጩ ላይ ቀይ ክር ሆኖ ይወጣል። ለአሉሚኒየምም ለካስት አይረንም ይሠራል።

ሁለቱም ግን የሚያሳዩት የላዩን ነው። የውስጡን የሚናገረው የግፊት ፍተሻ ብቻ ነው። የውሃ ቀዳዳዎቹ በላሜራና በጎማ ይታሸጋሉ፣ ቴስታታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ አየር ይሞላበታል፤ አረፋ ከየት እንደሚወጣ ይታያል። ውሃው መሞቅ አለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ስንጥቅ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ተዘግቶ ይቀመጣል። ይህን የሚሠራ ቶርኖ ቤት ይፈልጉ፤ ሲፈተሽም ቆመው ይዩ። በዚህ ጽሑፍ ካለው ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ ይምረጡ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ለፍተሻው የሚከፍሉት ገንዘብ ከአንድ የጓርኒሲዮን ለውጥ የእጅ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

እዚያው ሳሉ ፊቱ ቀጥ ማለቱም ይለካ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመትና በሰያፍ ይጋደምበትና በሥሩ ፊለር ጌጅ ይሞከራል። ለአብዛኛው ትንሽ ሞተር ወሰኑ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሞተሩ መመሪያ ይወሰዳል። ለግምት እንዲሆንዎ፣ የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወረቀት በማስመሪያው ሥር ሾልኮ ካለፈ ፊቱ ጠሟል። ጠመመ ማለት ግን ይላጭ ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ የናፍጣ ቴስታታዎች መላጨት የሚፈቀድላቸው እጅግ ጥቂት ነው ወይም ጭራሽ አይፈቀድላቸውም፤ ቫልቮቹ ወደ ፒስተኑ ስለሚቀርቡ ነው።

የአሉሚኒየም ቴስታታ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ብረቱ ለስልሷል ወይ? በኃይል የጋለ አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያጣል፤ ሲቀዘቅዝም አይመልሰውም። የቡሎኖቹ ቀለበት ያረፈበትን ቦታ ይዩ። ጎድጉዶ ከሰመጠ ብረቱ ደክሟል፤ ስንጥቁ ቢበየድ እንኳ ቡሎኖቹ ውጥረት አይዙም። እንዲህ ያለውን ቴስታታ በያጅ ዘንድ አይውሰዱት።

የት ላይ ነው?

ውሳኔው በአብዛኛው እዚህ ያልቃል። ርዝመቱ ሳይሆን ቦታው ነው ወሳኙ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ስንጥቅ ቴስታታን ሲያስጥል፣ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነው ሊድን ይችላል።

በሁለት ቫልቮች መቀመጫ መካከል ያለው ቀጭን ድልድይ የታወቀው ቦታ ነው። አንዱ ቫልቭ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል፤ ጎረቤቱ የጋለ ጭስ ያስወጣል፤ መካከላቸው ያለው ብረት በየሴኮንዱ ይሳሳባል። በአሮጌ ናፍጣ ሞተር ላይ እዚህ ቦታ ጸጉር የመሰለ መስመር ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ደግሞም ሁሉም ጥፋት አይደለም። ፎልክስዋገን ለአንዳንድ ሞተሮቹ ባወጣው የጥገና መመሪያ፣ በመቀመጫዎቹ መካከል ያለ ስፋቱ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስንጥቅ ያለበት ቴስታታ ዕድሜው ሳይቀንስ እንዲያገለግል ይፈቅዳል። ለእርስዎ ሞተር ይህ ልክ ይሠራል ማለት አይደለም። ግን ከመበየድና ከመቀየር ሌላ ሦስተኛ አማራጭ መኖሩን ያሳያል፤ መተው። ስንጥቁ የላይ ከሆነ፣ መቀመጫው ካልላላ፣ በሙቅ ውሃ የተደረገው ፍተሻም አንድ አረፋ ካላሳየ፣ ብረቱን ሳይነኩ አዲስ ጓርኒሲዮን ማድረግ ከአላስፈላጊ ብየዳ ይሻላል።

ያው ስንጥቅ በመቀመጫው ሥር አልፎ ወደ ውሃው ከደረሰ ነገሩ ይለወጣል። በአሉሚኒየም ላይ መቀመጫው ወጥቶ፣ ተበይዶ፣ አዲስ መቀመጫ ሊገባበት ይችላል። በካስት አይረን ላይ ሥራው ከባድ ነው፤ እንደ 3ኤል ላለ ምትኩ ገበያ ላይ ለሚገኝ ሞተር እኔ መቀየሩን እመርጣለሁ። በእነዚህ የቶዮታ ናፍጣዎች ላይ ነዳጁ መጀመሪያ የሚቀጣጠልበት ትንሽ ክፍል ዙሪያም ስንጥቅ ይወጣል። ከዚያ ተነሥቶ የጓርኒሲዮኑ የእሳት ቀለበት የሚያርፍበትን መስመር ካቋረጠ ማሸግ አይቻልም፤ ይቀየር።

ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ወይም የካም ዘንጉ በሚያርፍበት ላይ ያለ ስንጥቅም ያው ነው። እነዚህ ቦታዎች ጭነት ተሸካሚ ናቸው፤ ብየዳ ውሃ ቢያቆም እንኳ ጉልበቱን አያምኑትም። ከአንድ ሲሊንደር በላይ ስንጥቅ ከተገኘ ደግሞ ቦታውን መመርመሩንም ይተዉት፤ ብረቱ በሙሉ ደክሟል፤ ዛሬ ከተበየደው አጠገብ ነገ ሌላ ይከፈታል።

ለመጠገን ምርጡ ቦታ በውጭ በኩል ያለው የውሃ ግድግዳ ነው። እሳት አይነካውም፣ ግፊቱ የራዲያተሩ ግፊት ብቻ ነው፣ ጥገናውም ከላይ ይታያል። እዚህ ላይ ያለ ረጅም ስንጥቅ ይዞ የመጣ ሰው ሙሉ ቴስታታ እንዲገዛ መምከር ግፍ ነው።

የከባድ መኪና ባለቤቶች አንድ ዕድል አላቸው። ለምሳሌ በሲኖትራክ ላይ ያለው ደብሊው ዲ 615 ሞተር ለስድስቱ ሲሊንደሮች ስድስት ለየብቻ የሆኑ ቴስታታዎች አሉት። አንዱ ቢሰነጠቅ ያ አንዱ ይቀየራል፤ በዚያ ላይ በያጅ ጋር መመላለስ ብዙም ትርጉም የለውም። አምስቱ ሳይፈተሹ እንዳይገጠሙ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሁሉም ያንኑ ሙቀት አብረው አይተዋል።

ይበየድ ካሉ

አሉሚኒየም የሚበየደው በአርጎን ነው። ስንጥቁ እስከ ሥሩ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ቴስታታው በሙሉ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ይበየዳል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም ካልጸዳ ብየዳው በአረፋ ይሞላል። ሙቀቱ ፊቱን ማጣመሙ ስለማይቀር ከብየዳው በኋላ ማስተካከልና የሚፈቀድ ከሆነ መላጨት፣ መቀመጫዎቹን ማረም፣ እንደገና በግፊት መፈተሽ አለ። በያጁ የሚነግርዎ ዋጋ የመበየጃው ብቻ ነው ወይስ ይህ ሁሉ አለበት? ይህን ሳይጠይቁ አይስማሙ።

ካስት አይረን ጸባዩ ሌላ ነው። ካርቦን ስለሚበዛበት በድንገት ከጋለና ከቀዘቀዘ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ተራ የብረት ኤሌክትሮድ ይዞ የሚመጣ ሰው ብረትዎን እያበላሸ ነው፤ የሚያስፈልገው የኒኬል ኤሌክትሮድ ነው። አበያየዱም አጭር አጭር፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ በመዶሻ ቀስ እየተቀጠቀጠ፣ በመጨረሻም በደረቅ አሸዋ ወይም በአመድ ተቀብሮ እንዲቀዘቅዝ ነው። ከሁሉ በፊት በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ካልተበሳ ስንጥቁ መንገዱን ይቀጥላል። ያለ ሙቀትም የሚጠገንበት መንገድ አለ። በስንጥቁ ላይ ተደራራቢ ቀዳዳዎች እየተበሱ፣ ጥርስ እየወጣላቸው፣ ቡሎን እየገባባቸው ዳር እስከ ዳር ይሰፋል። የእጅ ሥራው አድካሚ ነው፤ ሙቀት ስለሌለው ግን ብረቱን አያጣምምም፤ በውጭ ግድግዳና በሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተሩ አካል) ላይ ከብየዳ ይልቅ የማምነው እሱን ነው።

የብረት ሙጫ ለውጭ ግድግዳ፣ ያውም ከመንገድ እስኪወጡ ድረስ ያገለግላል። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን ስንጥቅ ደፋኝ ዱቄትና ፈሳሽ ግን አልመክርም። ስንጥቁን ከመድፈኑ በፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ ራዲያተሩ ሲደፈን ሞተሩ ይግላል፤ ሲግል ስንጥቁ ይረዝማል።

ይቀየር ካሉ

አዲስ ቴስታታ ሲገዙ «ሙሉ» ነው ወይስ «ባዶ»? ሙሉው ቫልቮቹንና ስፕሪንጎቹን ይዞ ይመጣል። ባዶው ርካሽ ይመስላል፤ የአሮጌውን ቫልቮች ማዛወር፣ ማስፈጨት፣ መቀመጫ ላይ ማለማመድ ግን የእጅ ዋጋ አለው። የካም ዘንጉ ቴስታታው ላይ በሚያርፍበት ሞተር ደግሞ የዘንጉ መያዣ ክዳኖች ከቴስታታው ጋር አብረው የተቦረቦሩ ናቸው። የአሮጌውን ክዳን ለአዲሱ ማድረግ ዘንጉን ያስነክሳል።

ያገለገለ ከሆነ ሶማሌ ተራን የመሰለ የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ ይዞራል። እዚያ ብዙ ጥሩ ዕቃ አለ፤ ተበይዶ፣ ተላጭቶ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ የተቀመጠም አለ። የማሸጊያውን ፊትና በቫልቮች መካከል ያለውን ቦታ በባትሪ ብርሃን ይዩ። አዲስ ቀለም የተረጨበትን ይጠርጥሩ። የእርስዎን ጓርኒሲዮን ይዘው ሄደው ላዩ ላይ ያስቀምጡ፤ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። ውፍረቱን ከራስዎ ቴስታታ ጋር ያስለኩት፤ ቀጭን ከሆነ ተደጋግሞ ተላጭቷል። ከነጋዴው ጋር የሚደረገው ስምምነት አንድ ነው፤ «ቶርኖ ቤት ወስጄ በግፊት አስፈትሸዋለሁ፤ ካፈሰሰ ይመለሳል።» በዚህ የማይስማማ ነጋዴ ዕቃውን እሱም አያምነውም ማለት ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ

ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ ወገን የጥገናውን ይጻፉ፤ ብየዳ፣ ማስተካከል፣ መላጨት፣ መቀመጫ፣ ፍተሻ። በሌላው የምትኩን ዋጋ ይጻፉ፤ ባዶ ከሆነ የማሟያውን ጨምረው። ጓርኒሲዮን፣ ዘይት፣ የመግጠም የእጅ ዋጋ በሁለቱም ወገን ስላለ ይዝለሉት። ከዚያ የሚቆምበትን ቀን ይጨምሩ። ሚኒባስዎ የቀን ገቢ የሚያስገባልዎ ከሆነ፣ በያጅ ቤት ወረፋ የሚጠብቅበት ሳምንት ዋጋ ነው፤ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ የሚጠበቅበትም እንዲሁ።

የእኔ መስመር ግማሽ ነው። የጥገናው ድምር ከአዲሱ ቴስታታ ዋጋ ግማሽ ካለፈ አልጠግንም፤ ምክንያቱም ጥሩ ብየዳ እንኳ የአዲስ ብረት ዕድሜ አይሰጥም። መስመሩ የሚለወጠው ምትኩ በገበያ ላይ ፈጽሞ ሲጠፋ ነው። ለቆየ ወይም እምብዛም ለማይታይ መኪና፣ ከማይታመን ኮፒ ይልቅ በጥሩ እጅ የተበየደ የፋብሪካው ቴስታታ ይሻላል። መኪናውን በቅርቡ ለመሸጥ ስላሰቡ ብቻ ርካሹን መምረጥ ግን የገዢውን ገንዘብ መቆመር ነው፤ ቢያንስ ይንገሩት።

ሞኖብሎክ ከሆነ

ሞኖብሎክ ሲሰነጠቅ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ ብረቱ ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞኖብሎክ መቀየር ማለት ሞተር መቀየር ነው። ሕጋዊ የግዥ ሰነድ ያለውን መግዛት፣ ለውጡንም በትራንስፖርት ቢሮ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ወይም ሲሸጡ ጣጣው ይመጣል። ሰነድ የሌለው ሞተር የተሰረቀ መኪና አካልም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቴስታታ «ይቀየር» የምልበትን ያህል ለሞኖብሎክ አልቸኩልም። የውጭ ግድግዳው ከሆነ ይሰፋ። የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ ከሆነ ተቦርቡሮ ካሚቻ ወይም ስሊቭ የሚባለው ይገባበታል፤ ይህም የታወቀና የሚታመን ሥራ ነው። ኮሎው (ቢየላዎቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የሚያርፍባቸው ድልድዮች ከተሰነጠቁ፣ ወይም ቢየላ ተሰብሮ ጎኑን ከበሳው፣ ጥገናው ያበቃል።

ስለ ሌሎቹ ክፍሎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኮሎ፣ ቢየላ፣ ፒስተን፣ ቮላኖ፣ የቬንትሌተሩ ክንፍ ሲሰነጠቁ አይበየዱም፤ ሲበጠሱ ሰው ይገድላሉ ወይም ሞተሩን ያፈርሳሉ። የጭስ ማኒፎልድ ይበየዳል፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይሰነጠቃል፤ ጭሱ ወደ ጋቢና እንዳይገባ ለአጭር ጊዜ ግን ያስታግሳል።

ምክንያቱ ሳይገኝ አይገጠም

ቴስታታ ዝም ብሎ አይሰነጠቅም። አዲስ ተገጥሞ በወራት ውስጥ የሚሰነጠቀው አሮጌው ምክንያት እዚያው ስላለ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ። ብዙ ተርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም። እዚህ ግባ የማይባለው ይህ ክዳን ስንት ቴስታታ እንዳስበላ ቢቆጠር! ከኩላንት ይልቅ የቧንቧ ውሃ መጠቀም ደግሞ የመፍያውን ነጥብ ዝቅ ከማድረጉም በላይ ዝገትና ኖራ መሳይ ንጣፍ በውሃው መስመር ላይ ያስቀምጣል።

«አገሩ ሞቃት ነው» ተብሎ ተርሞስታት ማውጣትም የተለመደ ነው። ሞተሩ በትክክለኛ ሙቀቱ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ በአቋራጭ እንዲዞር ስለሚያደርግ ሙቀቱን ያባብሳል። አዲስ ተርሞስታት ይግጠሙ።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሾፌር ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል። መኪናው መሐል ላይ ሲያጨስ ክዳን ተከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበታል። የጋለ ብረት ላይ ድንገት ያረፈ ቀዝቃዛ ውሃ ስንጥቅ የሚወልድበት ቅጽበት ይህ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ካስት አይረን ከሚለጠጠው እጥፍ ገደማ ነው፤ በካስት አይረን ሞኖብሎክ ላይ ታስሮ ሳለ ሁለቱ በተለያየ ልክ ይጎተታሉ። ሞተሩን ማጥፋት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈት፣ ውሃውን ቀስ በቀስ መጨመር፤ ለሾፌርዎ ይህን ይንገሩት።

ስለዚህ ቴስታታው በሚሠራበት ሳምንት ራዲያተሩ ይታጠብ፣ የውሃ ፖምፓው ይፈተሽ፣ ቬንትሌተሩ በሙቀት ጊዜ በትክክል መዞሩ ይታይ፣ ናፍጣ ከሆነም የነዳጅ ፖምፓው ጊዜ ይስተካከል።

ሲገጠምና ከዚያ በኋላ

ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ጥሩ መካኒክ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሥራ ግን በእጅ ስሜት አይሠራም። አንዳንድ ሞተሮች ቡሎናቸው ተለጥጦ የሚጠብቅ ስለሆነ ለሁለተኛ ጊዜ አይሠራም፤ አዲስ ይግዙ። የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ውሃ ወይም ዘይት ቡሎኑ ሲጠብቅ ሞኖብሎኩን ከውስጥ ሊሰነጥቀው ስለሚችል በአየር ይነፋ።

ውሃ የገባበት ዘይት አንዴ ተቀይሮ አይጠራም። ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን እንደገና ይቀይሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኩላንቱን ልክ ይዩ። የሞተሩ መመሪያ ቡሎኖቹ በድጋሚ እንዲጠብቁ የሚያዝ ከሆነ ቀኑን አያሳልፉ። የፍተሻውንና የግዥውን ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ።

የተሰነጠቀውንም ቴስታታ ጋራዡ ጥግ ትተው አይሂዱ። ቫልቮቹና ስፕሪንጎቹ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ባዶው ብረት ደግሞ ተለቅሞ፣ በሙጫ ተደፍኖ፣ ቀለም ተረጭቶበት ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት የማሸጊያውን ፊት በግራይንደር ከዳር እስከ ዳር ጥልቅ አድርገው ይቁረጡት።